የቶር መውጫ ሪሌይ ምን ያሳልፋል፣ ምን ይከለክላል? ፖሊሲውን ፈልጎ ማንበቢያ

አንድ ሌሊት ሙሉ ኢሜይል አልሄድ ብሎኝ አድሬያለሁ። የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። የኢሜይል ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። የሰርቨሩን ሴቲንግ አንድ በአንድ ገለባበጥኩ። ሊነጋ ሲል ነው ነገሩ የገባኝ። ከሳምንት በፊት የቶር (ማንነትን ደብቆ ኢንተርኔት የሚያስጠቅም ኔትወርክ) ማዋቀሪያ ፋይሌ ላይ በአንድ መውጫ ሪሌይ ብቻ እንዲወጣ ጽፌ ነበር። ሪሌይ ማለት ግንኙነት የሚያስተላልፍ ሰርቨር ነው። ያ ሪሌይ ደግሞ የሚያሳልፈው ፖርት (የአገልግሎት በር ቁጥር) 80ን እና 443ን ብቻ ነው። የኔ ኢሜይል የሚሄደው በ587 ነው። ሪሌዩ ይህን በግልጽ አሳውቆ ነበር፤ እኔ ነኝ የት እንደሚታይ ያላወቅኩት።

ስለዚህ የት እንደሚታይ እና እንዴት እንደሚነበብ ላሳያችሁ። መረጃው ለማንም ክፍት ነው። መመዝገብም የለም፣ ማስፈቀድም የለም።

ፖሊሲ የምንለው ምኑን ነው?

ቶር ግንኙነታችሁን በሦስት ሪሌይ ያሳልፈዋል። የመጀመሪያው እናንተን ያውቃል፣ የምትሄዱበትን አያውቅም። የመጨረሻው የምትሄዱበትን ያውቃል፣ እናንተን አያውቅም። መውጫ የሚባለው ይህ የመጨረሻው ነው። ወደ ተራው ኢንተርኔት የሚወጣው በራሱ አይፒ አድራሻ ስለሆነ፣ አንድ ሰው በቶር ገብቶ ስፓም ቢበትን ወይም የሌላ ሰው ሰርቨር ቢነካካ አቤቱታው የሚደርሰው የሪሌዩን ባለቤት ነው። ባለቤቱም «ወደዚህ አድራሻ፣ በዚህ ፖርት አሳልፋለሁ፤ በዚያኛው አላሳልፍም» ብሎ ደንብ ይጽፋል። የመውጫ ፖሊሲ ይኸው ነው። እነዚህ ሰዎች በራሳቸው ወጪ መንገድ የሚከፍቱልን ናቸው፤ የሚዘጉት በር ቢኖር ምክንያት አላቸው ብዬ ነው የማምነው።

ደንቡ የሚያየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ የመድረሻውን አይፒ አድራሻ እና ፖርቱን። የድረ ገጹን ስም አያይም። ቶር ከቲሲፒ (መረጃ መድረሱን እያረጋገጠ የሚልክ ስልት) ውጪ ሌላ ትራፊክ ስለማያሳልፍ ፖርት ስንል የቲሲፒ ፖርት ማለታችን ነው። በዩዲፒ (ያለ ማረጋገጫ በሚልከው ስልት) የሚሠራ ነገር አልሄድ ካላችሁ ፖሊሲ ውስጥ መልስ አታገኙም።

1. የትኛው መውጫ እንደሆነ እወቁ

በቶር ብራውዘር ከሆነ ቀላል ነው። የአድራሻ መጻፊያው አጠገብ ያለችውን የሰርኪዩት (ግንኙነታችሁ በሪሌዮቹ የሚሄድበት መንገድ) ምልክት ንኩ። የሪሌዮቹ አገር እና አይፒ አድራሻ በተርታ ይመጣል። ከድረ ገጹ ስም በፊት ያለው የመጨረሻው ሪሌይ መውጫችሁ ነው፤ አይፒውን ቅዱት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ችግር ያለበት ታብ ላይ ሆናችሁ ነው ማየት ያለባችሁ። ቶር ብራውዘር ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ የተለየ ሰርኪዩት ነው የሚሠራው። የቶር ማረጋገጫ ገጽ ላይ ሄዳችሁ «አይፒህ ይህ ነው» የሚላችሁን አድራሻ ይዛችሁ ብትፈትሹ፣ የምትፈትሹት ወደ ማረጋገጫው ገጽ የወጣችሁበትን መውጫ እንጂ ያስቸገራችሁን አይደለም።

የምትሄዱበት አድራሻ የኦኒዮን አድራሻ (በቶር ውስጥ ብቻ የሚከፈት) ከሆነ ደግሞ እዚህ ጋ ማቆም ትችላላችሁ። ወደ ኦኒዮን አገልግሎት ስትሄዱ መውጫ የሚባል ነገር የለም፤ ግንኙነቱ ከቶር ውስጥ አይወጣም።

ከብራውዘር ውጪ ቶርን ብቻውን የምታስኬዱ ከሆነ ኒክስ የሚባለው የተርሚናል ፕሮግራም ሰርኪዩቶቻችሁን ከነሪሌዮቻቸው ያሳያችኋል።

2. ሪሌይ ሰርች ላይ ፈልጉት

የቶር ፕሮጀክት ሜትሪክስ የሚባል ድረ ገጽ አለው፣ አድራሻው ሜትሪክስ ነጥብ ቶርፕሮጀክት ነጥብ ኦርግ ነው። እዚያ ውስጥ ሪሌይ ሰርች የሚባለውን ክፈቱ። በአይፒ፣ በሪሌዩ ቅጽል ስም ወይም በፊንገርፕሪንት መፈለግ ይቻላል።

ከሦስቱ የሚታመነው ፊንገርፕሪንት ነው። 40 ፊደልና ቁጥር ያለው ነው፣ የዚያ ሪሌይ ብቻ ነው። ቅጽል ስም ማንም ደግሞ ሊጠቀምበት ይችላል፤ አንድ ስም ብትጽፉ ብዙ ሪሌይ ሊመጣላችሁ ይችላል። በአንድ አይፒ ላይም ከአንድ በላይ ሪሌይ ሊኖር ይችላል፣ የእያንዳንዳቸው ፖሊሲ ደግሞ የተለያየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአይፒ ፈልጋችሁ ሁለት ሦስት ውጤት ከመጣ ቅጽል ስም፣ ፍላግ (ከሪሌዩ ስም ጋር የሚታይ መለያ)፣ ፖርት እያያችሁ ለዩ።

አንድ ሌላ ነገር። አይፒውን ያገኛችሁት ከሰርቨር ሎግ (ማን እንደገባ ከሚመዘገብበት ፋይል) ከሆነ ሪሌዩ ከሚታወቅበት አድራሻ ጋር ላይገጥም ይችላል። አንዳንድ ባለቤቶች ሪሌዮች እርስ በርስ የሚገናኙበትን አድራሻ እና ወደ ውጭ የሚወጡበትን አድራሻ ይለያያሉ። የሪሌዩ ዝርዝር ገጽ ላይ የመውጫ አድራሻዎች ለብቻቸው የሚቀመጡት ለዚህ ነው።

3. ገጹ ላይ ሦስት ቦታ ተመልከቱ

የሪሌዩን ስም ስትነኩ ዝርዝሩ ይከፈታል። ገጹ እንግሊዝኛ ነው፣ ብዙ ነገርም አለበት፣ ለኛ ጉዳይ ግን የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው። አንዱ «አይፒቪ4 ኤግዚት ፖሊሲ ሰመሪ» ነው። ሁለተኛው የአይፒቪ6 ማጠቃለያ ነው፤ አይፒቪ4 የቆየው የአይፒ አድራሻ ዓይነት ነው፣ አይፒቪ6 አዲሱ። ሦስተኛው «ኤግዚት ፖሊሲ» ብቻ የሚለው ነው፤ ሙሉ ደንቡ ያለው እዚህ ነው።

ማጠቃለያው በሁለት መልክ ይመጣል። «አክሰፕት» ብሎ ፖርት ከዘረዘረ፣ የሚያሳልፈው የተዘረዘሩትን ብቻ ነው። «ሪጀክት» ብሎ ከዘረዘረ፣ ከተዘረዘሩት በስተቀር ሌላውን ሁሉ ያሳልፋል። «ሪጀክት 1-65535» የሚል ካያችሁ ሪሌዩ ምንም አያወጣም፣ መግቢያ ወይም መሐል ላይ ብቻ ነው የሚሠራው ማለት ነው። 

የአይፒቪ6ን ነገር አትለፉት። አንድ ሪሌይ በአይፒቪ4 ሰፊ በር ከፍቶ በአይፒቪ6 ጭራሽ የማያወጣ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ለብቻው ካልከፈተው አይከፈትም። መድረሻችሁ አይፒቪ6 ብቻ ያለው ሰርቨር ከሆነ መልሱ ያለው ሁለተኛው ማጠቃለያ ላይ ነው።

4. ሙሉ ፖሊሲውን ከላይ ወደ ታች አንብቡ

ዋናው ቁም ነገር ይኼ ነው። ፖሊሲ የሚነበበው ከላይ ጀምሮ ነው፣ የመጀመሪያው የገጠመው መስመር ይወስናል፣ ከዚያ በታች ያለው አይታይም። ይህችን ከያዛችሁ ማንኛውንም ፖሊሲ ታነባላችሁ።

ይህን እንደ ምሳሌ እንውሰድ፦

ሪጀክት 10.0.0.0/8:*
ሪጀክት 192.168.0.0/16:*
ሪጀክት 203.0.113.0/24:*
አክሰፕት *:80
አክሰፕት *:443
አክሰፕት *:6660-6669
ሪጀክት *:*

ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው አድራሻ ነው፣ በኋላ ያለው ፖርት ነው። ኮከብ ማለት «የትኛውም» ማለት ነው። እንደ /8 እና /24 ያለው የአድራሻ ክልሉን ስፋት ይናገራል፣ ቁጥሩ ሲያንስ ክልሉ ይሰፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች የግል ኔትወርክ አድራሻዎች ናቸው። ቶር ራሱ ነው ሳይጠየቅ የሚያስገባቸው፣ ሰው በመውጫው በኩል ወደ ባለቤቱ የቤት ኔትወርክ እንዳይገባ። እነሱን አይታችሁ «ይሄ ሪሌይ ሁሉን ነገር ከልክሏል» አትበሉ፣ ሁሉም ጋ አሉ።

ሦስተኛው መስመር ግን ባለቤቱ የጨመረው ነው። ወደ 203.0.113.25 በ443 መሄድ ፈለጋችሁ እንበል። 443 ከታች ተፈቅዷል። ነገር ግን ከላይ ስንወርድ አድራሻው መጀመሪያ የሚገጥመው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፣ ያ ደግሞ ከልካይ ነው። አለቀ፣ አይሄድም። ወደ ሌላ አድራሻ በ443 ከሆነ ግን አምስተኛው መስመር ላይ ደርሶ ያልፋል። በ6667 ያለ የአይአርሲ ቻትም ያልፋል፣ ቁጥሩ ከ6660 እስከ 6669 ባለው ውስጥ ነውና። በ587 ኢሜይል ብትልኩ አንዱም ሳይገጥመው እስከ መጨረሻው መስመር ይወርዳል፣ እዚያ ይቆማል። የኔ ሌሊት ያለቀው በእንደዚህ ዓይነት የመጨረሻ መስመር ነው።

ሁለት የተለመዱ ፖሊሲዎች ደጋግመው ስለሚመጡባችሁ ብታውቋቸው ጊዜ ይቆጥብላችኋል። አንደኛው የቶር የራሱ መነሻ ፖሊሲ ነው። ጥቂት ፖርቶችን ይከለክልና የቀረውን ሁሉ ይፈቅዳል። ከሚከለክላቸው ውስጥ 25 አለ፣ ይኸውም ስፓም የሚበተንበት የኢሜይል ፖርት ነው። ከ135 እስከ 139 እና 445 አሉ፣ የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያዎች ናቸው። ከ6881 እስከ 6999 አለ፣ ቢትቶረንት የለመደው ነው። ከሌሎቹ አብዛኞቹ የድሮ የፋይል መለዋወጫ ፕሮግራሞች ፖርቶች ናቸው። ሁለተኛው የተቀነሰ ፖሊሲ የሚሉት ነው። እሱ በተቃራኒው ነው የሚሠራው፣ የታወቁ አገልግሎቶችን ፖርት አንድ በአንድ ይፈቅድና ሌላውን በሙሉ ይዘጋል። ረጅም የ«አክሰፕት» ዝርዝር ካያችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

5. «ኤግዚት» የሚለው ፍላግ አያታልላችሁ

ሪሌይ ሰርች ላይ ከሪሌዩ ስም ጋር ፍላጎች ይታያሉ። ኤግዚት የሚለው ፍላግ ካለ ብዙ ሰው «በቃ፣ ይሄ መውጫ ነው፣ ሁሉን ያሳልፋል» ይላል። ፍላጉ የሚለው ግን በጣም ትንሽ ነገር ነው። ሪሌዩ ቢያንስ ለአንድ /8 የአድራሻ ክልል በ80ም በ443ም ያሳልፋል፣ ያ ብቻ ነው። ስለ 22፣ ስለ 587፣ ስለ 993 የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ተቃራኒውም አለ። ፖርት 80ን ዘግቶ 443ን እና ጥቂት ሌሎችን ብቻ የሚያሳልፍ ሪሌይ ፍላጉን አያገኝም፣ ግን ለነዚያ ፖርቶች መውጫ ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ ፍላጉን እንደ ጥቆማ ውሰዱት፣ ፍርዱን ከፖሊሲው አግኙ።

ባድኤግዚት የሚል ፍላግ ካያችሁ ግን ሌላ ነገር ነው። የቶር ማውጫ ባለሥልጣናት የሚባሉት ሰርቨሮች ያ ሪሌይ ለመውጫነት አይሆንም ብለው ወስነዋል፣ ፖሊሲው የቱንም ያህል ቢያምር ቶር በእሱ አይወጣም። ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ ፖሊሲ የሚናገረው ሪሌዩ ምን እንደሚያሳልፍ እንጂ ባለቤቱ ታማኝ መሆኑን አይደለም። ያልተመሰጠረ ግንኙነት መውጫው ላይ ይነበባል። በማንኛውም መውጫ ስትወጡ ኤችቲቲፒኤስ ወይም ሌላ ምስጠራ ይኑራችሁ።

6. ማጠቃለያው እና ሙሉው ሳይስማሙ ሲቀሩ

ይህ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ስለሆነ ቆም እንበልበት። ማጠቃለያው 443 ተፈቅዷል ይላል፣ ግንኙነታችሁ ግን በመውጫው ይመለሳል። ስህተት ይመስላል፣ አይደለም።

ማጠቃለያው በፖርት ብቻ ነው የተሠራው። አንድ ፖርት «ተፈቅዷል» የሚባለው ለአብዛኛው ኢንተርኔት ክፍት ከሆነ ነው፤ ባለቤቱ እዚህም እዚያም ጥቂት አድራሻ ቢዘጋ ማጠቃለያው አይቆጥረውም። የተዘጋው ከሁለት /8 ኔትወርክ፣ ማለትም ከ33 ሚሊዮን አድራሻ በላይ ሲሆን ነው ፖርቱ እንደተከለከለ የሚቆጠረው። ከላይ ምሳሌያችን ላይ የተዘጋው /24 አድራሻው 256 ብቻ ነው፣ ማጠቃለያው ውስጥ አይታይም።

የእናንተ ቶር ደግሞ መውጫ የሚመርጠው ይህንኑ ማጠቃለያ አይቶ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የድረ ገጹን ስም ወደ አይፒ የሚቀይረው መውጫው ስለሆነ፣ ሰርኪዩት በሚመረጥበት ሰዓት የእናንተ ቶር የመድረሻውን አይፒ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። የሚያውቀው ፖርቱን ነው። መውጫው አድራሻውን ሲያየው «ይሄ በፖሊሲዬ የለም» ብሎ ይመልሰዋል፣ ቶር በሌላ መውጫ ይሞክራል። እናንተ የምታዩት ትንሽ መዘግየት ነው። እንደኔ አንድ መውጫ ብቻ ካሰራችሁበት ግን የሚሞክርበት ሌላ የለውም። የማይገባ መዘግየት ወይም እምቢታ ሲያጋጥማችሁ የሪሌዩ ገጽ ላይ ያለውን ሦስተኛውን ቦታ፣ ሙሉውን ፖሊሲ፣ ክፈቱና የአድራሻ መስመሮቹን አንብቡ።

7. «ፖርት 22ን የሚያሳልፉት የትኞቹ ናቸው?»

እስካሁን ከሪሌይ ወደ ፖሊሲ ነበር የሄድነው። ከፖርት ወደ ሪሌይ መሄድ ስትፈልጉ ኦኒዮኑ የሚባለው አገልግሎት ይሻላል። ሪሌይ ሰርችም መረጃውን የሚያመጣው ከእሱ ነው። መልሱ በጄሰን ነው የሚመጣው፣ ለፕሮግራም የሚመች ነው። እየሠሩ ያሉ ሪሌዮችን ዝርዝር ጠይቁት፣ ከእያንዳንዱ የፖሊሲ ማጠቃለያውን አውጡና የምትፈልጉትን ፖርት አጣሩ።

ስታጣሩ ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፣ ፖርቶች በክልል ስለሚጻፉ «6667» ብላችሁ ጽሑፍ ብትፈልጉ «6660-6669» የሚለውን ታልፉታላችሁ። ቁጥሩን ከክልሉ ጋር ማወዳደር አለባችሁ። ሁለተኛ፣ መልሱ «አክሰፕት» ወይም «ሪጀክት» ሆኖ ስለሚመጣ ሁለቱንም አስተናግዱ፤ አክሰፕትን ብቻ ካያችሁ በጣም ክፍት የሆኑት መውጫዎች ናቸው የሚያመልጧችሁ። ፓይተን የምትችሉ ከሆነ ስቴም የሚባለው ላይብረሪ ይህን ሥራ ይሠራላችኋል። ፖሊሲውን ሰጥታችሁ «ወደዚህ አድራሻ በዚህ ፖርት መውጣት ይችላል?» ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ፣ አዎ ወይም አይ ይላል።

የመውጫ አይፒዎችን ብቻ የሚዘረዝር ገጽም አለ። እሱ ለሰርቨር ባለቤቶች ጥሩ ነው፣ ፖሊሲ ግን የለበትም።

8. ያለፈ ቀን ፖሊሲ

«ባለፈው ወር ከዚህ አይፒ ሰው ሰርቨሬን ነክቷል፣ ቶር ነበር?» ከሆነ ጥያቄው፣ ሜትሪክስ ላይ ኤግዞነራቶር አለ። አይፒ እና ቀን ትሰጡታላችሁ፣ በዚያ ቀን ገደማ ሪሌይ እንደነበረና መውጫ እንደነበረ ይነግራችኋል። ሰዓቱ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ስለሆነ የሎጋችሁን ሰዓት መጀመሪያ ቀይሩ፣ አለበለዚያ የቀን ድንበር ላይ ትስታላችሁ።

በዚያ ቀን ፖሊሲው በትክክል ምን ይል እንደነበር ለማየት ኮሌክተር የሚባለው ማህደር ጋ ሂዱ። ሪሌዮች ስለራሳቸው የሚያወጡት ሰነድ፣ ሰርቨር ዴስክሪፕተር የሚባለው፣ በየወሩ ታሽጎ እዚያ ይቀመጣል። ፋይሉ ትልቅ ነው። አውርዳችሁ በፊንገርፕሪንቱ ፈልጉ፣ ሙሉ የፖሊሲ መስመሮቹ ውስጡ አሉ። ኮንሴንሰስ የሚባለውን፣ የማውጫ ባለሥልጣናቱ የሚያወጡትን የሪሌዮች የጋራ ዝርዝር፣ ብታወርዱ ግን ማጠቃለያውን ብቻ ነው የምታገኙት። ኮምፒውተራችሁ ላይ ቶር የሚያስቀምጣቸው ማይክሮዴስክሪፕተሮችም (አጠር ያሉ ዴስክሪፕተሮች) እንደዚሁ ናቸው፣ ሙሉው የላቸውም።

9. ሪሌዩ የራሳችሁ ከሆነ

ፖሊሲ ቀይራችሁ ወዲያው ሪሌይ ሰርች ላይ ካላያችሁት አትደንግጡ። ሪሌያችሁ አዲስ ዴስክሪፕተር ይልካል፣ የማውጫ ባለሥልጣናቱ በየሰዓቱ ድምፅ ሰጥተው ኮንሴንሰስ ያወጣሉ፣ ከዚያ ነው ገጹ የሚታደሰው። ሁለት ሦስት ሰዓት ስጡት።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፣ እባካችሁ አስተውሉት። ማዋቀሪያው ላይ «አክሰፕት *:80» እና «አክሰፕት *:443» ብላችሁ ካቆማችሁ ሁለት ፖርት ብቻ የከፈታችሁ ይመስላችኋል። ቶር ግን ከእናንተ መስመሮች በታች መነሻ ፖሊሲውን ይቀጥላል፣ እሱ ደግሞ መጨረሻው «ሁሉን ፍቀድ» ነው። ሳታስቡት በሺዎች የሚቆጠር ፖርት ትከፍታላችሁ። የመጨረሻው መስመራችሁ «ሪጀክት *:*» ይሁን። ከዚያ ሪሌይ ሰርች ላይ ገብታችሁ የጻፋችሁት እና የታየው አንድ መሆኑን አመሳክሩ።

10. ካገኛችሁት በኋላ

መጀመሪያ ችግሩ በእርግጥ የፖሊሲ መሆኑን ለዩ። ድረ ገጹ ተከፍቶ «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» ወይም «መግባት አይቻልም» ካለ መውጫው አሳልፏችኋል፣ የከለከላችሁ ድረ ገጹ ነው። እዚህ ላይ «ኒው ቶር ሰርኪዩት» የሚለውን ነክታችሁ በሌላ መውጫ መሞከር ነው።

ግንኙነቱ ጭራሽ የማይጀምር ከሆነና ፖርቱ እንደ 25 ያለ ከሆነ፣ የኢሜይል ሰርቨራችሁ 587ን ይቀበል እንደሆነ እዩ። ማዋቀሪያው ውስጥ ደግሞ «ኤግዚትኖድስ» የሚል መስመር (በየትኛው መውጫ ብቻ እንዲወጣ የሚያዝ) ካለ እሱን አጥፍታችሁ ቶርን እንደገና አስነሱት። መስመሩ ከሌለ ቶር ፖርቱን የሚፈቅድ መውጫ ራሱ ይመርጣል። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ እምቢ ያለው ኢሜይል ከደቂቃ በኋላ ሄደ።